የድሬዳዋ ዛፍ የትውልድ አገር፣ የሆሳዕና ብርድና የኛ ቆርች

በአገራችን «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚባለውን ዛፍ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በቆላና በዝቅተኛው ወይና ደጋ ባሉት ከተሞች በመንገድ ዳርና በመሥሪያ ቤት ግቢ ተተክሎ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል አናቱ በሙሉ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ሲታይ እሳት የተለኮሰበት ይመስላል። ፈረንሳዮች በዚሁ ምክንያት «ፍላምቦያን» ብለውታል፤ ትርጓሜውም የሚንበለበል ማለት ነው። ዳሩ ግን ስሙ የድሬዳዋ ይሁን እንጂ ዛፉ የድሬዳዋ ተወላጅ አይደለም፤ የአፍሪካም የየብስ ምድር ተወላጅ አይደለም። ሰው ሳይተክለው በገዛ ራሱ የሚበቅልበት ስፍራ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለው የማዳጋስካር ደሴት ነው።

ከሐዲያና ከከምባታ የመጣን ተማሪዎች ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ወርደን ይህን ዛፍ ባየን ቁጥር አንድ ጥያቄ እናነሣለን። «ይህ ዛፍ ለምን በሆሳዕና መንገድ ዳር አይተከልም?» እንላለን። ጥያቄው የጌጥ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ በክረምት ብዙ ችግኝ በሚተከልበት በአሁኑ ዘመን፣ ለየትኛው መሬት የትኛው ዛፍ ይገባል የሚለው ጉዳይ የገንዘብና የድካም ጉዳይም ነው። ስለዚህ ዛፉ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚወድ፣ ለመሬትም ምን እንደሚሰጥና እንደማይሰጥ በአጭሩ ላስረዳ። ከዚያም በኛው ተራሮች ላይ ስለሚገኘው፣ ከእርሱ ጋር በሩቅ ስለሚዛመደው ስለ ቆርች እናገራለሁ።

ዛፉን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ዌንዜል ቦየር የተባለ የቦሔምያ ተወላጅ የዕፀዋት ተመራማሪ ነው። ይህ ሰው በሞሪሸስ ደሴት ተቀምጦ ወደ ማዳጋስካር ይመላለስ ነበር። በማዳጋስካር ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ፉልፖይንት በምትባል ስፍራ ዛፉን ተተክሎ አገኘው። የእንግሊዙ ሊቅ ዊልያም ሁከር በ1829 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) መግለጫውን በመጽሔት አሳተመለት። የመጀመሪያ ስሙ «ፖይንሲያና ሬጂያ» ነበር። ፖይንሲያና የተባለው በ17ኛው መቶ ዘመን በካሪቢያን ባሕር የፈረንሳይ ደሴቶች ገዥ በነበረው በደ ፖይንሲ ስም ነው፤ ሬጂያ ደግሞ በላቲን ንጉሣዊ ማለት ነው። በኋላም ራፊኔስክ የተባለ ሌላ ሊቅ «ዴሎኒክስ» ወደሚባል ወገን አዛወረው። ዴሎኒክስ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ሲሆን «ግልጽ ጥፍር» እንደ ማለት ነው፤ የአበባው ቅጠሎች ከሥራቸው ቀጥነው እንደ ወፍ ጥፍር ረዝመው ይታያሉና። ደ ፖይንሲ በገዛበት በሴንት ኪትስ ደሴት ዛሬ የአገሩ ብሔራዊ አበባ ይኸው ከማዳጋስካር የሄደው ዛፍ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ቦየር ያየው ሰው የተከለውን ነበር። ዛፉ በዱር የሚበቅልበትን ቦታ ሊቃውንት ሳያውቁት ወደ መቶ ዓመት ያህል አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘሩ ከሞሪሸስ እየተላከ በሕንድ፣ በካሪቢያንና በሌሎችም ሞቃት አገሮች ሁሉ ተተከለ። በዱር የተገኘው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የተገኘውም በማዳጋስካር ምዕራብና ሰሜን፣ የኖራ ድንጋይ እንደ ጦር ሾሎ በቆመበት ደረቅ ጫካ ውስጥ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በአንድ ወቅት ለአደጋ ከተጋለጡት ዕፀዋት መካከል መዝግቦት ነበር፤ በኋላ ግን ሥጋቱ አነስተኛ ነው ወደሚባለው ክፍል አዛውሮታል። ይሁን እንጂ የትውልድ ጫካው ለከሰልና ለእርሻ መመንጠሩ አልቀረም። እንግዲህ በዓለም ዙሪያ በየመንገዱ የቆመው ዛፍ በገዛ አገሩ ጫካው እየጠበበበት ይኖራል ማለት ነው።

የትውልድ ቦታውን ጠባይ ማወቅ ጥያቄያችንን ከግማሽ በላይ ይመልስልናል። የምዕራብ ማዳጋስካር ደረቅ ጫካ ዝቅተኛና ሞቃት ምድር ነው። ብርቱ ዝናብ ለጥቂት ወራት ይዘንብበታል፤ የቀረው የዓመቱ ክፍል ደረቅ ነው። ዛፉም ከዚህ ጋር ተስማምቷል። በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ውኃውን ይቈጥባል፤ ሙቀቱ ሲበረታና ዝናቡ ሲቃረብ መጀመሪያ አበባውን ያወጣል፣ ቅጠሉም አብሮት ወይም ተከትሎት ይመጣል። አበባው አምስት ቅጠሎች አሉት፤ አራቱ ደማቅ ቀይ ሲሆኑ አምስተኛው ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ነው። የዛፉ ቅጠል እስከ ግማሽ ሜትር ይረዝማል፤ እርሱም እንደ ግራር ቅጠል እጅግ ደቃቅ በሆኑ ብዙ ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው። ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ሲደርቅ ጠቍሮ፣ እንደ ጎራዴ ሰገባ ጠፍጥፎ፣ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይደርሳል፤ ልጆችም እየነቀነቁ እንደ ጸናጽል ያንሿሹበታል። ዘሩ ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ ሳይፈጭ ወይም በፈላ ውኃ ተነክሮ ሳያድር ቶሎ አይበቅልም።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር በ1902 (በእኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም.) ሲደርስባት የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ ሙቀቷና የዝናብ ወራቷ ማጠር ለዚህ ዛፍ የሚመቹ ናቸው። የከዚራ ሠፈር ጥላ ያለባቸው መንገዶች ላየው ሰው፣ ሕዝቡ ዛፉን ለምን በዚች ከተማ ስም እንደ ጠራው መገመት አያዳግተውም።

ሆሳዕና ግን 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ በድሬዳዋና በሆሳዕና መካከል ያለው የ1,000 ሜትር ልዩነት በሙቀት ሲታሰብ 6 ዲግሪ ያህል ነው። በኛ አገር የድሬዳዋ ዛፍ ደህና የሚያድገው እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ቢተከል እድገቱ ይዘገያል፣ አበባውም ይሳሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በወረደበት ስፍራም ለጋው ቅርንጫፍ ይቃጠላል። የኛ አየር ሌላም ጠባይ አለው። በሐዲያና በከምባታ ደጋ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ያም የእንሰቱና የባቄላው በረከት ነው። ለረጅም ደረቅ ወራት የተፈጠረ ዛፍ ግን ቅጠሉን የሚያራግፍበትንና አበባውን የሚጀምርበትን ምልክት በዚህ አየር ውስጥ አጥርቶ አያገኘውም።

ከሆሳዕና ተነሥቶ በዱራሜ በኩል ወደ ሐላባ ቁሊቶ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ትምህርት ከመኪና ሳይወርድ ሊማረው ይችላል። ከላይ እንሰት፣ ገብስና ባሕር ዛፍ ነው። ወደ ብላቴ ወንዝ ሸለቆ ሲቃረብ ግራሩና በቆሎው ይበዛል፤ በርበሬም ይታያል። ቁሊቶ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የድሬዳዋ ዛፍ ቢተከል እንግዳ አይሆንም። በምዕራብ በኩልም መሬቱ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ቆላ ይስማማዋል። እንግዲህ «በሐዲያና በከምባታ ይበቅላል ወይስ አይበቅልም?» ተብሎ በጅምላ መጠየቁ ትክክል አይመስለኝም። ከፍታው ተለክቶ ነው መልስ የሚሰጠው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ እኔ ዋና ነገር የምለው ይህን ነው። የድሬዳዋ ዛፍ የጥራጥሬ ቤተሰብ ነው፤ የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የግራር ዘመድ ነው ማለት ነው። በትምህርት ቤት «የጥራጥሬ ወገን መሬትን ያዳብራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሁላችንም በቃላችን ይዘን ወጥተናል። ከዚህም የተነሣ የድሬዳዋ ዛፍ ለመሬት ጠቃሚ ነው እየተባለ ሲመከር ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ባቄላ መሬትን የሚያዳብረው በራሱ ኃይል አይደለም። ሥሩ ላይ እንደ ኪንታሮት ያሉ ትንንሽ እባጮች አሉ፤ በእባጮቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ይመግባቸዋል። እነርሱም በአፈር ውስጥ ካለው አየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ሊበላው ወደሚችል ምግብ ይለውጡለታል። ናይትሮጅን ከአየሩ አምስት እጅ አራቱ ያህል ቢሆንም፣ ያለ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተክል ከአየር ሊወስደው አይችልም። አከራዩና ተከራዩ እርስ በርሳቸው የሚጠቃቀሙበት ውል ነው ብንል ይቀላል። ነገር ግን ከ19,000 በላይ ዓይነት ተክሎች ባሉት በዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ውሉን ያልተዋዋሉ ብዙዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሥሩ ላይ እባጭ የለም። ናይትሮጅኑን እንደ ማንኛውም ዛፍ ከአፈር ይስባል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ከዚያው የወሰደውን ይመልሳል እንጂ ከአየር አዲስ ሀብት አያመጣም። ሥሩም ከላይ ከላይ እየተንሰራፋ ስለሚሄድ ከሥሩ ሌላ አትክልት ለማብቀል ያስቸግራል፤ በግንብና በመንገድ ንጣፍ አጠገብ ከተተከለም ንጣፉን ይገለብጣል። ይህን የምለው ዛፉን ለማንኳሰስ አይደለም። በቆላ ከተማ ለጥላና ለውበት የሚተካከለው ዛፍ ጥቂት ነው። ጥላና ውበት ለሚፈልግ ይተከል፤ ማዳበሪያ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የዴሎኒክስ ወገን አብዛኞቹ ዓይነቶች በማዳጋስካር ብቻ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ከደሴቲቱ ውጭ በዱር የሚበቅሉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ቆላ ይገኛሉ። አንደኛው አበባው ነጭ ሆኖ ውሎ ሲያድር ወደ ቢጫነት የሚለወጠው ዴሎኒክስ ኤላታ ነው። ሁለተኛው ዴሎኒክስ ባካል የሚባለው ነው። ቀዩን እንግዳ በየከተማው ስንተክል፣ በገዛ ቆላችን ያሉትን ሁለቱን ዘመዶቹን በስም የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ቢታሰብበት መልካም ነው።

አሁን ወደ ደጋው ልመለስ። ማዳጋስካር በውኃ የተከበበች ደሴት ናት፤ የኛ ደጋ ደግሞ በቆላ የተከበበ ደሴት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በአፍሪካ ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት ግማሽ ያህሉ በኢትዮጵያ ነው። ብርድ የለመደ ተክል ቆላውን ተሻግሮ ወደ ሌላ ተራራ ለመሄድ እንደ ባሕር ይከብደዋል። በዚህም ምክንያት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዕፀዋት በደጋችን ይኖራሉ። በአገራችን ካሉት 6,000 ያህል የዕፀዋት ዓይነቶች ከአሥሩ አንዱ ገደማ በዚህ ብቻ የሚገኝ ነው። በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር የእነዚህን ናሙና በየዓይነቱ ይዞ ይጠብቃል፤ በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም በዝርዝር ጽፏቸዋል።

ከእነዚህም አንዱ ቆርች ነው። በየአገሩ ስሙ ይለያያል፤ በኦሮምኛ ወለንሱ ይባላል። እኔ ለሁሉ አንባቢ እንዲመች በአማርኛው ስም እጠራዋለሁ። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ዛፎች አሉ። አንደኛው በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሁሉ የሚገኘው ነው። ሁለተኛው «ኤሪትሪና ብሩሴ» የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም በገዛ ራሱ አይበቅልም። የሚበቅለውም ከ1,400 እስከ 2,600 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አንጋጫና ዶዮገና ሁሉ በዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ። ስሙ የወጣለት በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ጎንደር መጥቶ በነበረው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቋራ ዛፍ ሲጽፍ፣ በፍሬው ወርቅ ይመዘንበታል፣ የወርቅ መመዘኛ «ካራት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ወጥቷል ይላል። የቃላት ሊቃውንት ግን ካራት የመጣው ከግሪክ በዐረብኛ በኩል፣ ካሮብ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ስም ነው ይላሉ። ካሮብም የጥራጥሬ ቤተሰብ ዛፍ ስለሆነ፣ ብሩስ የሳተው ከዘመድ ወደ ዘመድ ነው።

ቆርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በራቁት ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንደ ችቦ የቆመ ቀይ አበባ ያወጣል። የአበባው ወለላ በርካታ ወፎችንና ንቦችን ይጠራል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የተያያዘና ሰፊ ነው፤ ለከብት ይመገባል። ሥሩ ላይም የናይትሮጅን እባጭ አለ። በ2012 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተለያዩ ጥራጥሬዎች እባጭ ባክቴሪያዎች ሲለዩ የቆርችም አብረው ተመርምረዋል። ብራዲራይዞቢየም የሚባለው ወገን ሆነው መገኘታቸው ተጽፏል። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የቆርች ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ለደቡብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር የምግብ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ተመርምሯል። ገበሬው ግን ይህን ሁሉ ሳይነገረው ቆርችን በእንሰቱ ዳርና በአጥሩ ሲያቆመው ኖሯል። ለምን እንዳቆመው ሽማግሌዎችን ብንጠይቅ «ከሥሩ ያለው እንሰት ይወፍራል» ቢሉን፣ ቤተ ሙከራው የደረሰበትን በሌላ ቃል መናገራቸው ነው።

ቆርች እንከን የሌለበት ዛፍ ነው አልልም። ቅርንጫፉ እሾህ አለው። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ለቤት ምሰሶ አይረባም፤ ማገዶነቱም ደካማ ነው። ፍሬው መርዝ አለበትና ልጆች እንዳይበሉት መጠንቀቅ ይገባል። ባሕር ዛፍ እየገፋው የሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተቈርጦ ገንዘብ ይሆናል፣ ቆርች ግን ለገበያ የሚወጣ ነገር የለውም። የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ የሚያስብ አባት ባሕር ዛፍን ቢመርጥ አልፈርድበትም። የምለው ይህ ብቻ ነው፤ ባሕር ዛፍ ለእርሻ በማይሆን ጥግ፣ ቆርች ደግሞ በእንሰቱና በአትክልቱ ዳር ቢሆኑ፣ አንዱ ሌላውን ማስለቀቅ አይኖርበትም።

ለከተሞቹም ቢሆን ነገሩ ይሠራል። የሆሳዕና ትምህርት ቤቶች ወይም የመሥሪያ ቤቶች ግቢ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ከፈለጉ፣ ከማዳጋስካር የመጣውን በብርድ ከሚያሠቃዩ፣ ብርዱን ለምዶ የተወለደውን መትከል ይችላሉ። ወጪውም አነስተኛ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ከዘር በችግኝ ጣቢያ ይፈላል፤ ቆርች ግን ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቈርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ተቀምጦ፣ ዝናብ ሲጀምር ቢተከል ራሱ ሥር ይሰድዳል። ሰው ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ከተከለ ከብት አይደርስበትም፤ አጥር ማጠርም አያስፈልግም። በልጆች መጫወቻ አጠገብ ግን እሾሁና ፍሬው ስላለ ባይተከል ይሻላል።

በዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ይህን ጉዳይ በገዛ ዓይናችን ልናየው እንችላለን። የሚያስፈልገው አንድ መኮትኮቻና አንድ ምላጭ ብቻ ነው። ከክረምቱ አጋማሽ በኋላ፣ አፈሩ ርጥብ ሳለ፣ ከለጋ ቆርች ሥር ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ አፈሩ በቀስታ ይማስ፤ ቀጫጭኑ ሥር እንዳይበጠስ ጥንቃቄ ይደረግ። እባጭ ከተገኘ በምላጭ ለሁለት ይከፈል። ውስጡ ሥጋ የመሰለ ቀይ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ በሥራ ላይ ናቸው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ግን ወይ ገና አልጀመሩም፣ ወይ ጨርሰዋል። የባቄላም ሥር እንዲሁ ተነቅሎ ከጎኑ ቢታይ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በቁሊቶ ወይም በሐዋሳ የሚኖር ተማሪ ደግሞ ከድሬዳዋ ዛፍ ሥር ያንኑ ቢያደርግ፣ የተማሰበትን ስፍራ ከፍታ፣ የአፈሩን ዓይነትና ያየውን እባጭ ቁጥር ጽፎ ወደ ባዮሎጂ ክፍል ቢያመጣ፣ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አድርገን ልናወጣው እንችላለን።